ከጽዮን ኋላ ያለው ሰው

የወይዘሮ ካሣነሽ የስንዴ ክምር የተቃጠለው እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ነው። ጭሱን ያየ ሁሉ የየራሱን ቆንጠር አድርጎ ጨመረበት። አንዱ ስማዳ በረሃ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ አለ። ሌላው ደግሞ መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ ሽማግሌ በዚያው ጭስ አነጠሱ፣ እዚህ ንፋስ መውጫ ያለው ሕዝብም ባንድ ድምፅ «ይማርዎ» አላቸው ብሎ ማለ። ውሸቱ ውሸት ነው፤ አመዱ ግን እውነት ነበር። ምእመኑ ነጠላውን እንዳጣፋ እየሮጠ ሲደርስ የወይዘሮዋ የዓመት ልፋት ከመሬት ተስተካክሎ ነጭ ጢስ ይተነፍስ ነበር።

ስለ ምክንያቱም ወሬው ወዲያው ተፈበረከ። «ሰይጣን ነው» ያለ አለ። «መብረቅ ነው» ያለም አለ፤ ያውም በታኅሣሥ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ! አንድ ሰው እንዲያውም ጅብ ፍም በአፉ ይዞ ሲያልፍ አይቻለሁ አለ።

«ክብሪቱን ከየት ገዛው?» አለች ከኋላው የቆመች ሴት። ሰውዬው ዞር ሲል ኢንስፔክተር አማረች መሆኗን አየና ጅቡን ይዞ ተሰወረ።

አማረች የእስቴ ገበሬ ልጅ ናት። ጥያቄ ከጀመረች መልሱን ሳታገኝ እህል በአፏ አይዞርም ይባላል፤ ሁለት ምርመራ የተደራረበ ጊዜ መነነች ተብሎ ተወርቶባታል። ይህንን ወሬ ያስወራው አብሯት የሚሠራው ኮንስታብል አንተነህ ነው። አንተነህ አስፋልት ላይ ያደገ የከተማ ልጅ ነው፤ ገብስና ስንዴ የሚለየው ሁለቱም ከተፈጩ በኋላ ነው።

«ማንም አውድማው ላይ እንዳይወጣ!» ብላ ጮኸች አማረች።

አውድማው ክምሩ ፊት ለፊት ነው። ወይዘሮ ካሣነሽ ሰኞ ሊያስወቁ አስበው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በእበት አስለቅልቀውት ነበርና ከብርዱ የተነሣ እበቱ ገና አልደረቀም። ክምሩ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ በመሆኑ መግቢያው በአውድማው በኩል ብቻ ነው። እሳት ለማጥፋት የመጣው ሕዝብ ግን በቤቱ በኩል አጥሩን ጥሶ ስለ ገባ አውድማው ሳይነካ ተርፏል።

አማረች በዳር በዳሩ እየዞረች ጎንበስ አለች። ከመንገዱ የመጣ የጫማ ዱካ አቧራው ላይ በግልጽ ይታያል፤ የግራው ተረከዝ በጎማ ቁራጭ ተጠግኗል። ዱካው አውድማው ጠርዝ ሲደርስ ቆመ። ሁለቱ ጫማዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ ጫፋቸውን ወደ አውድማው አዙረው፣ ማኅተም እንደ ተመታ ጥርት ብለው ታትመዋል። ከዚያ ወዲያ ጫማ የለም። እበቱ ላይ የባዶ እግር ዱካ ወደ ክምሩ ሄዷል፤ ተመልሶም መጥቷል። የግራው እግር ትንሿ ጣት መሬት አልነካችም።

«ሁለት ናቸው» አለ አንተነህ ደስ ብሎት። «ባለጫማው እዚህ ቆሞ ሲጠብቅ ባዶ እግሩ ገብቶ ለኮሰ።»

አማረችም እንደዚያው መሰላት። የጫማውን ዱካ በስልኳ ፎቶ አነሣች። የባዶ እግሩን ደግሞ ከነእበቱ በቢላ ዙሪያውን ቆርጣ አነሣችና፣ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አልብሳ እንቅብ ደፋችበት።

ቀና ስትል አንዲት ወጣት ከፊቷ ቆማለች። ፊቷ ከአመዱ ይልቅ ነጥቷል። ትከሻዋ ላይ የወንድ ጋቢ ጣል ተደርጎባታል።

«እኔ ነኝ ያስቃጠልኳቸው» አለች ልጅቷ፤ ስልኳንም ዘረጋች።

አማረች አነበበችው። «ያስጠጋሽ ሁሉ ይቃጠላል» ይላል። የተላከው እሳቱ ሲነሣ ነው።

*

ጽዮን ልብስ ሰፊ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ስፌት ቤት አላት፤ የምታድረው ወይዘሮ ካሣነሽ ግቢ በተከራየችው ክፍል ነው። የክረምቱ ዝናብ ሳይወጣ የጀመረ አንድ ነገር አላት፤ «ነገር» የምትለው ስም ስላጣችለት ነው።

«አላየሁትም» አለች። «እሱ ግን ያየኛል። ሽንኩርት ገዝቼ ስገባ ‘ዛሬ ምን ልትሠሪ ነው?’ ይላል። ቀሚስ ስቀይር ‘የትናንቱ ይሻልሻል’ ይላል። ጠርጌ የጣልኩትን ቁራጭ ጨርቅ ለቃቅሞ ጠዋት በሬ ላይ አስሮልኝ አገኘሁ። በየጊዜው ከሌላ ቁጥር ደውሎ ዝም ይላል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ቁጥር ቀየርኩ። አዲሱንም አገኘው። ደግሜ ቀየርኩ። ያንንም አገኘው።»

«ለሰው ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ እንጂ! ሳቁ። ‘ወዶሽ ነው፣ ምን ትሆኛለሽ፣ ቁንጅና ነው’ አሉኝ። አክስቴ እንዲያውም ‘ምነው እኔንም አንድ በተከተለኝ’ አለች።»

«አዲሱን ቁጥርሽን የሚያውቀው ማነው?»

«ደንበኞቼ ሁሉ። ሥራ ነዋ፤ በሩ ላይ በትልቁ አጽፌዋለሁ።»

አማረች ጠጋ አለች። «ስሚኝ፣ ጽዮን። ክምሩን ያቃጠለው ያቃጠለው ሰው ነው። ስሙን እስካገኘው ድረስ በእሱ ቦታ ያንቺን ስም አታስገቢ። የላከውን አንዱንም አታጥፊ፤ መልስም አትስጪው። ብቻሽን ደግሞ አትቀመጪ። ጥፋቱ ያንቺ ስለ ሆነ አይደለም፤ እሱ የሚፈልገው ብቻሽን እንድትሆኚ ስለ ሆነ ነው።»

ጎረቤቱ በበኩሉ ምክሩን ለወይዘሮ ካሣነሽ ያዘንብ ነበር። «ልጅቷን ያስወጡ፤ ነገ ደግሞ ቤቱን ይለኩሰዋል» ይሏቸዋል። ወይዘሮዋ አመዱን በእግራቸው እየገፉ ሰሟቸው ሰሟቸውና፣ «ክምሬን አቃጠለ እንጂ አፌን አላቃጠለው!» አሉ። «ልጅቷ የትም አትሄድም። እንዲያውም ከነገ ጀምሮ ስፌት ቤቷ እየሄድኩ እቀመጣለሁ። እኔ ሲደክመኝ ሌላዋ ትቀመጣለች። ጽዋ ማኅበሩን በተራ አይደል የምንደግሰው? ይህንንም በተራ እናደርገዋለን።»

«እኔም አለሁ፣ እማማ» አለ ጀሪካን የያዘ ሰው። አመዱ ላይ ሳይቀር ውሃ ሲያፈስ የነበረ ነው። ይስሐቅ ይባላል። ከጽዮን ስፌት ቤት ጎን ሞባይል ይጠግናል፣ ሲም ይሸጣል። እዚሁ ጋይንት የምትገኘው የቤተ ልሔም ገበሬ ልጅ ነው፤ ለትልቅ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣ፣ የሰው ሸክም የሚቀበል፣ እናቶች «ምነው ልጄን ባገባት» የሚሉት ዓይነት። ጽዮን ትከሻ ላይ ያለው ጋቢ የእሱ ነው።

*

ሰኞ የጽዮን አባት አቶ አዱኛ ከስማዳ ከተፍ አሉ። ለአማረች ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጡም።

«ልጄን ልወስድ ነው» አሉ። «የስፌት መኪናው፣ መቀሱ፣ ሁሉም ይጫናል።»

«ለኳሹ ሳይያዝ የት ይወስዷታል፣ አባቴ? ስማዳ ድረስ ቢከተላትስ?»

«ስማዳ አይደለም። ባል አግኝቼላታለሁ።» ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ይስሐቅ ነው ደውሎ ያበሰረኝ… የምን ማብሰር፣ ያረዳኝ። ‘አባቴ፣ ልጅዎ ጠባቂ ትፈልጋለች፤ እኔ እርስዎ ካሉ እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ’ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ባል ያላትን ማን ይነካታል?»

ጽዮን ጥግ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ታፍተለትላለች። «አባባ፣ እኔ አልተጠየቅሁም» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺን እሳቱ ጠይቆሻል!»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። እስከ እሑድ ለኳሹ ካልተገኘ፣ ጽዮን ሱቋን ዘግታ ሳትወድ ልትዳር ነው። አማረች ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ በአንተነህ አቆጣጠር ምናኔው ተጀመረ።

«እስከ እሑድ ይታገሡኝ» አለቻቸው።

አቶ አዱኛ የኮንስታብሉን ቆብ ትክ ብለው አዩና፣ «እስከ እሑድ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ግን ሽማግሌ አልመልስም።»

*

ከተማው ጣቱን የቀሰረው ባለባጃጁ ተስፋሁን ላይ ነው። መቀሰሩም አይፈረድበትም። የባጃጁ መስታወት ላይ «ጽዮን» ብሎ በወርቃማ ፊደል አስለጥፏል። በስፌት ቤቷ ባለፈ ቁጥር ጡሩንባ ይነፋል፤ ጡሩንባው ደግሞ የሬሳ ሣጥን ክዳን የሚያስከፍት ነው።

ማክሰኞ ተይዞ መጣ። ሸበጥ አድርጓል።

«እሑድ በቅዳሴ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል፣ እሜቴ።»

«አሞህ?»

«ወለድኩ!» አለና ሳቀ። አማረች ሳትስቅ ስታየው ሳቁን ዋጠው። «ማለቴ፣ ወላድ አደረስኩ። ከገጠር በቃሬዛ አምጥተዋት አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ባጃጇ በአንድ ጎማዋ ነው የበረረችው፤ ማርያምን! ልጁን ተስፋሁን ብለውታል። ሄደው ይጠይቁ።»

አንተነህ ሄዶ ጠየቀ። ተስፋሁን ትንሹ እውነትም ተወልዷል፤ ትልቁ ተስፋሁንም ቅዳሴው እስኪያልቅ የእናቲቱ ዘመዶች መሀል ቆሞ ስለ ባጃጁ ፍጥነት ሲዋሽ ታይቷል።

«ባለጫማው ባይሆንም፣ ባዶ እግሩን የላከው እሱ ቢሆንስ?» አለ አንተነህ።

አማረች ተስፋሁንን ሊሄድ ሲል አስቆመችው። «ያ ተለጣፊ ለምን ተለጠፈ?»

«ለጨዋታ ነዋ! እወዳታለሁ፤ እሷ ግን አትወደኝም፤ አለቀ። ነግራኛለች።»

«ከነገረችህ በኋላስ ጡሩንባው ለምን ይነፋል?»

ተስፋሁን ራሱን አከከ።

«አንተ ስትነፋ ልጅቷ ከወንበሯ ትዘላለች። የሚያስፈራራት ማን እንደ ሆነ ስለማታውቅ በየቀኑ አንተ ትሁን አትሁን ስትል ትውላለች። ለአንተ ጨዋታ ነው፤ ለእሷ ግን ሌላ አንድ የሚያሳድዳት ሰው ነህ።»

ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። ወጥቶ ባጃጁ ጎን ተቀመጠና ወርቃማውን ፊደል በጥፍሩ ይልጠው ጀመር፤ «ጽ» ክፉኛ ተጣብቃ አስቸገረችው።

በዚያው ምሽት ጽዮን ስልክ ላይ ሌላ መልእክት ገባ። «ባለባጃጁን አስያዝሽው? ጎበዝ። እሑድ ሁሉም ያልቃል።»

አማረች ደጋግማ አነበበችው። ሰውዬው ከተማው ውስጥ ነው፤ ነገሩን እያየ ነው፤ እሑድ ምን እንዳለም ያውቃል። እሑድ ሽማግሌ መምጣቱን ግን አቶ አዱኛ በኩራት ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ስለ ነገሩት፣ የማያውቅ አህያ ብቻ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት የአካባቢው ገበሬ እንደ ልማዱ ለተቃጠለባት ሴት ነዶ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዱ በአህያ፣ ሌላው በትከሻ፣ ያለው ብዙ፣ የሌለው የሚችለውን። «ዓርብ ደቦ ነው፤ ተወቅቶ ጎተራዎ ይሞላል» ይሏቸዋል ወይዘሮ ካሣነሽን፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱም «እዚያ ጋ አትቆልሉት፣ እዚህ ጋ!» እያሉ ያዝዛሉ።

አማረች ባዶ እጇን ማየት አስጠላትና አንድ ነዶ ታቅፋ ወደ አውድማው ገባች። አንተነህም ተከተላት።

«ኧረ ውጣ! አንተ! ውጣልን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አንዲት አሮጊት መጥረጊያ አንሥተው አንተነህን እግሩ ላይ አቀመሱት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ጫማህን! በጫማ አውድማ ይገባል? እህል የሚወቃበትን ትረግጣለህ? የማን ቤት ልጅ ነህ?»

«እሷስ?» አለ አንተነህ ወደ አማረች እየጠቆመ። «እሷም ገብታለች!»

«እሷማ ያሳደጋት አለ!»

አማረች ወደ እግሯ አየች። ባዶ እግሯን ነች። ቡትስ ጫማዋን መቼ እንዳወለቀች አታስታውስም። እስቴ ውስጥ፣ ገና በእግሯ ስትቆም፣ እናቷ አውድማ ጠርዝ ላይ ጫማዋን ያስወለቋት ነበርና፣ እጇ ሳያማክራት ሥራውን ሠርቷል። ዞር ብላ ጠርዙን አየች። ቡትሶቿ ጎን ለጎን፣ ጫፋቸውን ወደ አውድማው አዙረው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ነዶው ከእጇ ወደቀ።

«አንተነህ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ምን ያደርጋል?»

«ይሰለቻል።»

«እግሩስ?»

«ይቀያይራል። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ…» አንተነህ ቆም አለ።

ስልኳን አውጥታ የእሑዱን ፎቶ አሳየችው። ሁለቱ ጫማዎች አንዲት ጣት እንኳ ሳይነቃነቁ ታትመዋል። «ጫማው ውስጥ ሰው አልነበረም» አለች። «ሁለት አይደሉም። አንድ ነው። የከተማ ጫማ ያደርጋል፤ ገበሬ ቤት ግን ነው ያደገው። የሴትዮዋን የዓመት እህል ሊያቃጥል መጥቶ፣ አውድማውን በጫማ መርገጥ ነውር ሆኖበት አወለቀ።»

አንተነህ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እሳቱን አልፈራም፣ አውድማውን ፈራ?»

«አላሰበበትም እኮ። እኔም አላሰብኩበትም።»

ለማረጋገጥ ተስፋሁን ተጠራ። «እስቲ ያንን ነዶ አቀብለኝ» ስትለው ከነሸበጡ አውድማው መሀል ገባ። አሮጊቷ መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ ነበሩ። ተስፋሁን ከዚያ የወጣበት ፍጥነት ባጃጁን አሳፍሯል ይባላል። ንፋስ መውጫ አስፋልት ላይ የተወለደው ባለባጃጅ ነፃ ወጣ።

የቀሩትን ሁለት ቀኖች አማረች ደጀሰላም ስትመላለስ፣ ወንዶቹን «እሑድ የት ቆማችሁ? አጠገባችሁ ማን ነበር?» ስትል ዋለች። የአንድ ሰው ስም ላይ ስትደርስ መልሱ እንግዳ ሆነባት። ለአንተነህ ግን ገና አልነገረችውም፤ አንተነህ ምስጢር የሚጠብቀው እስከ ሻይ ቤቱ በር ነው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዓርብ ለደቦው ሁሉም ሰው መምጣት አለበት። ሁሉም።»

*

ዓርብ መጣ። ከተማው ግማሹ ወጥቷል። በሬዎቹ አውድማውን እየዞሩ ያበራያሉ፤ ወንዶቹ በመንሽ ያገላብጣሉ፤ ግጥሙ ይቀባበላል። አውድማው ዳር ላይ ደግሞ ጫማው ተሰልፏል። ቡትስ አለ፣ ሸራ አለ፣ ኮንጎ አለ፣ የሠርግ ጥቁር ጫማ ያመጣም አለ። ባለቤቶቹ ጥለውት የጠፉት ጦር ይመስል ነበር።

አቶ አዱኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይስሐቅን ያያሉ። ይስሐቅ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መንሹን እየወረወረ፣ ከሁሉ በልጦ ይሠራል። «አያችሁ? የገበሬ ልጅ!» ይላሉ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሁሉ። ጽዮን ከወይዘሮ ካሣነሽ ጎን ቆማለች። አንዳንዴ ዓይኗ ወደ ይስሐቅ ይሄዳል፤ ደጉን ሰው መውደድ ያቃታት እሷ ክፉ ሆና ይሆን እያለች ራሷን የምትከስስ ይመስላል።

አማረች ከሰልፉ ጫፍ ጀመረች። ጫማ አንሥታ ትገለብጣለች፣ ታስቀምጣለች። አንተነህ አፍንጫውን ይዞ ከሌላው ጫፍ ይመጣል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። «ኢንስፔክተር፣ ሊስትሮ ጀመሩ?» ተባለ። «የእኔን በደንብ ይጥረጉት!» ተባለ። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ።

አንድ ቡናማ ጫማ ላይ እጇ ቆመ። ግራ ተረከዙ በጎማ ቁራጭ ተጠግኗል።

«ይህ ጫማ የማነው?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«የይስሐቅ ነዋ!» አለ አንድ ገበሬ፣ የጠፋበትን ያገኘለት መስሎት።

ይስሐቅ መንሹን ተደግፎ ፈገግ አለ። «ጫማዬ ምን አጠፋ፣ ኢንስፔክተር?»

«እሱማ ምንም አላጠፋም። ዳር ቆሞ ጠበቀህ እንጂ። እስቲ ወዲህ ና።»

ሲመጣ ሕዝቡም ተከትሎ መጣ። አንተነህ እንቅቡን አነሣ። ተቆርጦ የተቀመጠው እበት ከነዱካው አለ። አማረች ጎኑ ላይ አዲስ እበት አስለቅልቃ ነበር። «በግራህ ርገጥልኝ።»

«ኧረ ይህ ምን ቀልድ ነው? የጋይንት ሰው ሁሉ እግር አለው።»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀህ? ርገጥ።»

ሁሉም እያየው ነው፤ አቶ አዱኛም ተነሥተዋል። ረገጠ። እግሩን ሲያነሣ አራት ጣት ታትሟል። ትንሿ መሬት አልነካችም።

ሕዝቡ ተጠጋግቶ ሁለቱን ዱካ አመሳከረ።

«እሑድ በቅዳሴ ሰዓት የት ነበርክ?» አለች አማረች።

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ሰው ሁሉ ያውቃል። ውስጥ ነበርኩ።»

«ውስጥ የቆማችሁ፣ ይስሐቅን ማን አየው?»

ወንዶቹ ተያዩ። «እኔ እንኳ አላየሁትም» አለ አንዱ። «ውጭ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ውጭ የቆማችሁስ?»

«ውስጥ ነው ብለን ነዋ!» አለ ሌላው፤ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገባው። «ይስሐቅ ይቀራል ብሎ ማን ያስባል?»

አንተነህ ወንዶቹ ለሥራ ካወለቁት የልብስ ክምር መሀል የይስሐቅን ጃኬት አንሥቶ ኪሱን ፈተሸ። መሀረብ ወጣ። ሲፈታ በርካታ ሲም ካርድ ተዘረገፈ። ጽዮን ጠጋ ብላ አየች። አንዱን አነሣች፤ የተሰበረ ጠርዝ አለው። በጥርሷ ሰብራ የጣለችው፣ ሁለተኛው ቁጥሯ ነው።

«‘ይህኛውን ጣይው፣ አዲስ እሰጥሻለሁ’ ያልከኝ አንተ ነህ» አለች። «በነፃ ሰጠኸኝ። እኔም እግዜር ይስጥህ ብዬሃለሁ!»

የይስሐቅ ፈገግታ አሁንም አልጠፋም፤ የረሳው ይመስል ፊቱ ላይ ቀርቷል። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ጽዮንዬ። አንቺ እኮ ማንንም አታዪም። እስክትፈሪ ድረስ ጎንሽ ያለውን ሰው አላየሽውም። ስትፈሪ ወደ እኔ ሱቅ ትሮጪ ነበር፤ አታስታውሺም? ከእኔ በቀር ጠባቂ እንደሌለሽ እንድታውቂ ብዬ ነው። ማንንም አልነካሁም። አንቺንም አልነካሁሽም።»

«ክምሬንስ?» አሉ ወይዘሮ ካሣነሽ።

«እርስዎማ ግቢዎ አስጠግተው ብቻዋን እንዳትሆን አደረጓት። ክምሩ ከተቃጠለ በኋላ እንኳ አላስወጣትም አሉ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተቆጣ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሌላውን ይስሐቅ አየው፤ ጽዮን ለወራት በትንፋሹ ብቻ የምታውቀውን።

አንተነህ እጁን ያዘው። ይስሐቅ ጫማውን ለማድረግ ጎንበስ ሲል አማረች ከለከለችው። «እሱ ማስረጃ ነው። በባዶ እግርህ ሂድ።»

ሰው መንገድ ሊከፍት ሲል ጽዮን ወደ ፊት ወጣች።

«ቆይ፤ ከመሄዱ በፊት እንዲሰማ እፈልጋለሁ» አለች። «‘አልነካሁሽም’ አለ። እውነት ነው፣ በእጁ አልነካኝም። እኔ ግን ከክረምት ጀምሮ መስኮቴን ከፍቼ አላውቅም። መርፌ ስሰካ ዓይኔ በሩ ላይ ስለ ሆነ ጣቴ ሁሉ ቆስሏል። ስልክ ሲጮህ ጨርቅ ሥር እደብቀዋለሁ። እናንተ ‘ወዶሽ ነው’ አላችሁኝ። ይህ መውደድ ከሆነ መጠላት ይሻለኛል። ስነግራችሁ አትሳቁ። ሌላ ምንም አልጠየቅኋችሁም። ስነግራችሁ እመኑኝ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አክስቷም እዚያ ነበረች፤ መሬት መሬት ታያለች።

አቶ አዱኛ እየተደናቀፉ መጡ። «ልጄ… በእጄ ይዤ ልሰጠው ነበር» አሉ።

«አባባ፣ የትም አልሄድም። ሱቄም አይዘጋም። ባል ሲያስፈልገኝ እኔ እነግርዎታለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለእሷ ሰጡ፤ ጫማቸውን ጠርዙ ላይ አወለቁና፣ ይስሐቅ የጣለውን መንሽ አንሥተው አውድማው ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው አንዱ በሬዎቹን ነዳ። ሥራው ቀጠለ።

*

ሰኞ ጠዋት አማረች ጣቢያ ስትደርስ ከበሩ ፊት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዲት ተማሪ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። አንዲት ባሏን ፈትታ ከእስቴ የመጣች፣ እሱ ግን ከኋላዋ ያልቀረ። አንዲት በእድሜ የገፉ፣ «ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው» የሚሉ። ጽዮን ተማሪዋ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ይዣቸው መጣሁ» አለች። «ሱቅ እየመጡ ለእኔ ነገሩኝ። እኔ ግን ፖሊስ አይደለሁም።»

አንተነህ ከበሩ ብቅ አለና ዓይኑን አፈጠጠ። «ኧረ እነዚህን ሁሉ የት እናስቀምጣቸዋለን?»

«ከአዛዡ ቢሮ አግዳሚውን አምጣ።»

«አዛዡ ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ። ቆመው ይቆጡ።»

አንተነህ አግዳሚውን እየጎተተ አመጣ፤ ጩኸቱ እስከ ቤተ ልሔም ተሰምቷል ተብሏል። አማረች ወንበሯን ስባ ተማሪዋ ፊት ተቀመጠች። ጽዮን እጇን ያዘቻት።

«ከየት ልጀምር፣ እትዬ? ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል…»

«መጀመሪያ ከፈራሽበት ቀን ጀምሪ» አለች አማረች።